የጦር መሣሪያ ስምምነት ዜና አነባበብ
ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተቀምጦ ስለ ሁለት የቆዩ ወዳጅ አገሮች የጦር መሣሪያ ንግድ የሚያነብ ሰው በቅድሚያ የተፈረመውን ከተረከቡት መለየት ይኖርበታል፤ ሕንድ ከሩሲያ ኤስ-400 የአየር መከላከያ ለመግዛት እ.ኤ.አ. በ2018 ብትፈራረምም ርክክቡ የተጀመረው በ2021 ነበርና። ግዢንና የጋራ ምርትንም አያምታቱ፤ ስሙ ከብራህማፑትራና ከሞስኮ ወንዞች የተወሰደው ብራህሞስ ሚሳይል የሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ውጤት ነው። ከዚያም መለዋወጫው፣ ጥይቱና ሥልጠናው ከማን እንደሚመጣ ይጠይቁ፤ በእኔ ግምት ገዢን ከዋጋው ይበልጥ ለዓመታት የሚያስረው ይኸው ነው። የውሉ ጽሑፍ ከተገኘ በሁለቱም ቋንቋዎች ያስተያዩት። ይህን ለወሎ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ በ1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምርጫ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ነበር።