የኪስ ነፍስ አድን ሳጥን ውሃ ሲያስገባ፦ ከጎንደር ወደ ስሜን ለሚወጡ ችግርና መፍትሄ

ክብሪት፣ ፊሽካ፣ መርፌና ክር፣ ምላጭ፣ የቁስል ፕላስተር፣ የውሃ ማከሚያ ኪኒን፣ ሁለት ሦስት ክንድ ሲባጎ። በኪስ የሚያዝ ነፍስ አድን ዕቃ ከዚህ ብዙም አይዘልም፤ ጎንደር ቅዳሜ ገበያን አንዴ የዞረ ሰው አብዛኛውን ያሟላል። የሚያስቸግረው መያዣው ነው። ገዢ የሳጥኑን ግድግዳ እየጫነና እያንኳኳ ጥንካሬውን ይፈትሻል፤ ውሃ ግን የሚገባው በክዳኑ ነው። ጎትቶ የሚያስገባውም ብዙ ጊዜ ከዕቃው ጋር አብሮ የታሸገው አየር ነው። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ከፍታ ሲቀየር ደግሞ ከውጭው አየር ጋር ይገፋፋል። ከታች ካሉት ችግሮች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመዘዙ ናቸው።

ሳጥኑ ቀዳዳ የለውም፤ ወንዝ ተሻግሬ ስከፍተው ግን ውስጡ ርሷል

መጀመሪያ የሳጥኑን ዓይነት እዩ። ብዙ ሰው የሚጀምረው በከረሜላ ቆርቆሮ ነው። በኪስ ልክ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ከረሜላውን ለበላ ሰው ደግሞ በነጻ ነው። ነገር ግን ማጠፊያው ያለበት ቦታ ላይ ብረቱ ስለተቆረጠ ከጀርባው ክፍት ነው፤ ክዳኑም ላስቲክ የለውም። ውሃ ሞልታችሁ ዝጉትና በማጠፊያው በኩል ዘንበል አድርጉት፤ ወዲያው ይፈስሳል። ዙሪያውን በስኮች ማሸግ ለአንድ ቀን ካፊያ ይበቃ ይሆናል፤ አንዴ ተልጦ አቧራ የነካው ስኮች ግን ዳግመኛ አይዝም። ቆርቆሮውን ከወደዳችሁት ዕቃው እንዳይጨፈለቅ ብቻ ያዙት፤ ውሃውን የሚከላከለው ውስጡ የሚገባ ባለ ዚፕ የላስቲክ ከረጢት ይሁን። ተራ ፌስታል አይሆንም፣ ቋጠሮው ውሃ ያሳልፋል።

ላስቲክ ያለው ሳጥን ርሶ ከተገኘ ግን ሙቀቱን ጠርጥሩ። ከቧሂት ወደ ራስ ደጀን የሚያልፍ መንገደኛ መሸሃ ወንዝ የሚደርሰው ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርዶ ላብ በላብ ሆኖ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለው ሳጥንም አብሮ ሞቋል። በሰውነት ሙቀት 30 ዲግሪ የደረሰ ሳጥን 10 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ቢገባ የውስጡ አየር ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ይሰበሰባል። 60 ሚሊ ሊትር አየር ያለበት ሳጥን ክዳኑ ላይ ትንሽ ክፍተት ካገኘ 4 ሚሊ ሊትር ውሃ ይስባል ማለት ነው፤ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፣ ክብሪት ለማበላሸት ግን ይተርፋል።

መፍትሄው አየሩን መቀነስ ነው። ትልቅ ሳጥን ገዝቶ ግማሹን ባዶ ከመተው ትንሹን ገዝቶ መጠቅጠቅ ይሻላል። ክፍተት ከተረፈ በጥጥ አትሙሉት፤ ጥጥ ቦታ የያዘ ይመስላል እንጂ አብዛኛው እሱም አየር ነው። ቁራጭ ሻማ ወይም ጥብቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ሲባጎ ይግባበት፣ ሁለቱም የሚጠቅሙ ናቸው።

ሳጥኑ ደረቅ ነው፤ ክዳኑ ግን አልከፈት አለ

ይህ ከተራራው የሚመለስ ሰው ችግር ነው፤ ባለሱቁ አያውቀውም። ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ጎንደር ላይ 79 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ሲሆን ጨነቅ ላይ ወደ 65 ይወርዳል። ጨነቅ ላይ ሳጥኑን ከፍታችሁ ፕላስተር አወጣችሁ፣ መልሳችሁ ዘጋችሁት እንበል። ጎንደር ስትገቡ ውስጡ ያለው የጨነቅ ስስ አየር ነው፤ የውጭው በ14 ኪሎ ፓስካል ይበልጠዋል። 9 በ6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክዳን ላይ ይህ ከ7 ኪሎ በላይ ጭነት ነው። ጣት ቢያቅተው አይገርምም።

ከአለመከፈቱ የሚብሰው ሌላ ጣጣ አለው። 14 ኪሎ ፓስካል ማለት ሳጥኑን 1.4 ሜትር ውሃ ሥር እንደማስቀመጥ ነው። ስለዚህ ወንዝ ሳይነካው፣ በዝናብ የራሰ ኪስ ውስጥ ሆኖ ብቻ፣ ደካማ ክዳን ያለው ሳጥን ርጥበቱን ይመጠዋል። ተራራ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የጎንደር አየር ክዳኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የላላ መቆለፊያም ሊፈናጠር ይችላል።

መፍትሄው ቀላል ነው፦ ስትወጡም ስትወርዱም ባረፋችሁበት ሁሉ፣ ደባርቅም ሳንቃ በርም ግጭም፣ በደረቅ እጅ አንዴ ከፈት አድርጋችሁ ዝጉት። ተጣብቆ የቀረውን በቢላ ጫፍ አትፈልቅቁት፤ ላስቲኩ ይቆረጥና ሳጥኑ ያኔ ያበቃለታል። ጎንና ጎኑን ጫን ጫን እያደረጋችሁ አየር አስገቡበት። በመዞር የሚከፈት ክዳን በዚህ በኩል ይሻላል፣ በጨርቅ ይዞ መጠምዘዝ ይበቃዋል።

ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሚደረግ ፈተና

ሳጥኑን ባዶውን ዝጉት። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በሳፋ አዘጋጁና ሙሉ በሙሉ ድፈቁት። የውስጡ አየር ሲሞቅ መውጫ ይፈልጋል፤ ከአንድ ቦታ ተከታታይ አረፋ ከወጣ ውሃ የሚያስገባው ያ ቦታ ነው። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ተይዞ የነበረ አየር አንዴ ብቅ ብሎ ቢቆም አያሳስብም። ይህን ካለፈ ውስጡ ደረቅ ሶፍት አስገቡና ድንጋይ አስራችሁ ውሃ የሞላ በርሜል ወለል ላይ 30 ደቂቃ አቆዩት። ሶፍቱ ስስ ስለሆነ አንዲት ጠብታም ብትገባ ያሳብቃል።

አንዳንድ ሳጥን ላይ አይፒ67 ተብሎ ይጻፋል። 1 ሜትር ጥልቀት ላይ ለ30 ደቂቃ ውሃ ውስጥ መቆየት ይችላል ማለት ነው፤ ግን የተለካው በረጋ ውሃ ነው። የሚወርድ ጎርፍ ወይም ዝላይ ሌላ ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ስልካቸውን በእንዲህ ያለ ሳጥን ይዘው የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውስጥ የሚዘሉ ወጣቶች ይህን ቢያስቡበት ጥሩ ነው።

ፈተናውን አልፎ ነበር፤ መንገድ ላይ ግን ማስገባት ጀመረ

ላስቲኩን እዩት። አንዲት ፀጉር፣ የጥጥ ክር ወይም የበጋ አቧራ ላስቲኩ ላይ ካረፈ ለውሃ መንገድ ይሆናል። በዘጋችሁ ቁጥር ዙሪያውን በጣት ጥረጉ። ሌላው ምክንያት ወራት ሙሉ ተቆልፎ መቀመጡ ነው፤ የተጫነ ላስቲክ ተዳምጦ ይቀርና ክዳኑን መልሶ አይገፋም። ቤት ስታስቀምጡት መቆለፊያውን አላሉት።

ላስቲኩ ከሞተ ሳጥኑን መጣል አያስፈልግም። ከጎሚስታ ቤት አሮጌ ከመነዳሪ ለምናችሁ በሳጥኑ አፍ ልክ ጓርኒሲዮን መቁረጥ ይቻላል። ሳይገጣጠም ከአንድ ቁራጭ ይውጣ፤ መጋጠሚያ ካለው እዚያው ላይ ያስገባል። ሰው ላስቲክ ለማለስለስ ወዲያው ቫዝሊን ይቀባል፤ የከመነዳሪ ላስቲክ ግን ከነዳጅ የተገኘ ቅባት ሲነካው ያብጥና ይልፈሰፈሳል። ከፋርማሲ የሚገዛው ግሊሰሪን አይጎዳውም፤ በጣት ጫፍ ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፣ ውሃ ሲያጥበው መድገም ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፖታሺየም ፐርማንጋኔት (ቁስል ማጠቢያ ሐምራዊ ኬሚካል) የምትይዙ ከሆነ ግሊሰሪን አጠገቡ እንዳይደርስ፤ ሁለቱ ሲገናኙ በራሳቸው እሳት ያነሳሉ።

ማዕዘኑ ተሰነጠቀ

የፕላስቲኩ ዓይነት ነው። ከሳጥኑ ሥር ባለ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር አለ። 6 ከሆነ እንደ መስታወት የጠራና ደረቅ ነው፤ ድንጋይ ላይ አንዴ ቢወድቅ ይሰነጠቃል፣ አትግዙት። 5 የምሳ ዕቃ ፕላስቲክ ነው፤ ማጠፊያው ሺህ ጊዜ ቢተጣጠፍ አይቆረጥም፣ ግን ብርዱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይደርቃል። የስሜን የበጋ ሌሊት ደግሞ ከዜሮ በታች ይወርዳል። 2 በዚያ ብርድ ውስጥም አይሰበርም፤ ብዙ የመድኃኒት ብልቃጥ ከእሱ ይሠራል። ለእኔ ምርጫው ሰፊ አፍ ያለው፣ ክዳኑ በመዞር የሚከፈት ባለ 2 ቁጥር ብልቃጥ ነው። ክብ ስለሆነ ኪስ ውስጥ ይቆረቁራል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ክብ ክዳን ዙሪያውን እኩል ይጠብቃል፣ አራት ማዕዘኑ ጥጉ ላይ ይላላል።

ጠብታ የለም፤ ክብሪቱ ግን አይጭርም

እዚህ ላይ ሰው የታሸገውን አየር ርጥበት ይወቅሳል። እኔ እንኳ አየሩን ስከስ ቆይቻለሁ፣ በዚህኛው ግን ንጹሕ ነው። 100 ሚሊ ሊትር አየር በ25 ዲግሪ ሊሸከም የሚችለው ውሃ 2 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ርጥበቱ የገባው ከዕቃው ጋር ነው፤ በክረምት የታሸገ የክብሪት እንጨትና ጥጥ ውሃውን ይዞ ይገባል። ዕቃውን በጠራ ቀን ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ እኩለ ቀን ላይ እሸጉት። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ርጥበት መጣጭ ከረጢት አንድ ይጨመርበት። ወራት ሙሉ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ከሆነ ግን ጠግቧል፣ አይጠቅምም። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ቪታሚን የሚሸጥበት ቱቦ ክዳኑ ውስጥ ይህንኑ መጣጭ ይዟል፤ ለክብሪት ብቻ የሚሆን ጥሩ ዕቃ ነው።

ክብሪቱ ደርቆም እንቢ ካለ መጫሪያውን እዩ። የእኛ ክብሪት በድንጋይ አይጫርም፤ የራሱን መጫሪያ ይፈልጋል። መጫሪያውን ከፓኮው ላይ ቆርጣችሁ ለብቻው በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ከክብሪቱ ጭንቅላት ጋር እየተፋተገ እንዳይሄድ። ላይተር የሚይዝ ሰው ደግሞ ክዳኑ የጋዙን መጫኛ እንዳይጫን ሥሩ ቁራጭ ካርቶን ያስገባበት።

በሰም አሽጌው ነበር፤ ተሰነጣጠቀ

የጧፍ ሰም በ62 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣልና ኪስ ውስጥ አይፈስም፤ ብርድ ላይ ግን ይደርቅና ክዳኑ ትንሽ ሲነቃነቅ ይፈርሳል። ሲቀልጥ ጥቂት ሞራ ከተደባለቀበት ይለዝባል። ያም ሆኖ አንዴ ከተከፈተ ያበቃለታል፤ በየካምፑ ለሚከፈት ሳጥን አይሆንም።

መርፌውና ምላጩ ዛጉ

የክሎሪን ኪኒን ከብረት ጋር አንድ ላይ አድርጋችኋል። ኪኒኑ ከእሽጉ ሳይወጣ ለብቻው ይጠቅለል፣ ምላጩ ዘይት ይቀባ።

ሳጥኑ ደህና ነው፤ በሚያስፈልግበት ሰዓት ግን የለም

ስሜን ላይ ጓዝ በበቅሎ ይጫናል። በቅሎዎቹ በሌላ መንገድ ቀድመው ካምፕ ይገባሉ፤ ጉም ወርዶ ከጓደኞቹ የተለየው ሰው ሳጥኑ ከጓዙ ጋር ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መጠኑ ነው፦ ሱሪ ኪስ ውስጥ ስትቀመጡ የሚወጋ ሳጥን መጀመሪያ ወደ ጃኬት፣ ከዚያ ወደ ቦርሳ፣ በመጨረሻ ወደ በቅሎ ይሸጋገራል። ስትገዙ ኪሳችሁ ውስጥ ከትታችሁ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ቁጢጥ በሉበት። ካልቆረቆረ በሲባጎ ከቀበቷችሁ ጋር እሰሩት፤ ክዳኑንም ጓንት አድርጋችሁ ክፈቱት፣ ጠዋት ጨነቅ ላይ ጣት የሚታዘዘው እንደዚያ ነው።