ጅማ ላይ ለድርጅትዎ ኤሲ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ድሬዳዋ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በበጋ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ቢጠጋም ሌሊቱ ብርድ ልብስ ያስደርባል። ዝናቧም በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ሰማዩ እምብዛም አይጠራም። ይህን የጅማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ወጥቶ ኤሲ ሲገዛ ግን ይረሳዋል። ሻጩ የሚያወራለት ስለ ሙቀት ብቻ ነው፤ እዚህ ባለ ንብረቱን የሚያስከፍለው ግን በአብዛኛው እርጥበቱ፣ የታፈነው አየርና የመብራቱ ጠባይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ብዙዎቹ ምንጫቸው ይኸው ነው።

የቡና መጋዘንን እንደ ሆቴል ክፍል ማየት

በአካባቢያችን ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ባለ ቡናው ጆንያው ሻገተ፣ ጠረኑ ተለወጠ ይልና “ጠንካራ ኤሲ ግጠሙልኝ” ብሎ ያዛል። የታጠበም ይሁን ያልታጠበ፣ ተፈልፍሎ የተከማቸ ቡና የሚፈልገው የውስጥ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሆኖ እንዲቆይለት ነው። ለዚያ ደግሞ የመጋዘኑ አየር አንጻራዊ እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ቢሆን ይመረጣል። የጅማ የክረምት አየር ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

እንግዲህ መጋዘኑን እስከ 18 ዲግሪ አቀዘቀዙት እንበል። እኩለ ቀን ላይ መኪና ሊጭን መጣና በሩ ተከፈተ። 25 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው የውጭ አየር ከ19 ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ጤዛ ይሆናል። በመጋዘኑ ውስጥ የቀዘቀዘው ነገር ጆንያው ነው። ሻጋታ ሊያስቀር የተገዛው ማሽን ለሻጋታው ውኃ አቀረበለት ማለት ነው።

እንዲህ ላለው ቤት የሚያስፈልገው እርጥበት መምጠጫ ማሽን ነው፤ እሱም ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። መጀመሪያ የእርጥበት መለኪያ ይሰቀል፤ ዋጋው ከኤሲው ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ንባቡ ይመዝገብ። ጆንያው ከሲሚንቶው ወለል በፓሌት ይነሳ፣ ከግድግዳውም ይራቅ። የጣሪያው ፍሳሽ ይደፈን። ከዚህ ሁሉ በኋላ መለኪያው አሁንም ከፍ ብሎ ከታየ ማሽኑ ይገዛል። እርጥበት መምጠጫ ክፍሉን ትንሽ እንደሚያሞቀውም አስቀድሞ ማወቅ ደግ ነው፤ አለዚያ “ተበላሽቷል” ተብሎ ይጠፋል።

በካሬ ብቻ ማስላት

“ስንት ካሬ ነው?” ብሎ ጠይቆ ወዲያው ፕሮፎርማ የሚጽፍ ሻጭ ግማሹን ሥራ አልሠራም። የካሬ ስሌት ለመኝታ ክፍል ያግባባል፤ ለንግድ ቤት ግን ሙቀቱን የሚያመነጨው ወለሉ ሳይሆን በላዩ ያለው ሰውና ዕቃ ነው።

የሰርግ አዳራሽ እንውሰድ። ተቀምጦ የሚበላ ሰው 120 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። 200 እንግዳ ካለ ከሰው ብቻ 24 ኪሎዋት፣ ማለትም በሰዓት 82,000 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም የሚለካበት የሙቀት መጠን) ገደማ ይመጣል። በኤሲ ቋንቋ አንድ ቶን የሚባለው በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ነውና ወደ 7 ቶን ተጠጋን ማለት ነው። መብራቱን፣ ድምፅ ማጉያውንና በየጠረጴዛው የሚሞቀውን ወጥ ገና አልቆጠርንም። እስክስታው ሲጀመር ቁጥሩ ከዚህም ያልፋል። ይኸው አዳራሽ ዕቃ ማስቀመጫ ቢሆን ኖሮ ሲሶው እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ለኤሌክትሪክ ዕቃም ስሌቱ አይከብድም፤ የሚበላው አንድ ኪሎዋት ክፍሉ ውስጥ በሰዓት 3,412 ቢቲዩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

ሌላው የሙቀት ምንጭ ቆርቆሮው ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ቀትር ላይ ምን እንደሚያደርግ መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ከጣሪያው ሥር ሙቀት መከላከያ ማልበስ አንድ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ያንኑ ሙቀት በኤሲ ማውጣት ግን በየወሩ ቆጣሪ ይቆጥርበታል። ቁመቱ ረጅም በሆነ የፋብሪካ ሼድም ቢሆን አየሩን እስከ ጣሪያው ድረስ ማቀዝቀዝ ብክነት ነው፤ ሠራተኛው የሚቆምበት መስመር ላይ ቀዝቃዛ አየር ማውረድና የጣሪያውን ሙቅ አየር በማራገቢያ ማስወጣት ይበቃል። ዳቦ ቤት ደግሞ ምድጃው ላይ ጥሩ ጭስ ማውጫ ሳይሠራ ኤሲ ባያስብ ይሻለዋል።

“ትልቁ ይሻላል” ማለት

ከሚገባው በላይ የሆነ ኤሲ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ አቀዝቅዞ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል። አየር ውስጥ ያለው ውኃ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ጠብ እንዲል ማሽኑ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ስለዚህ ትልቁ ማሽን በክረምት የሚያተርፍልዎ ቀዝቃዛና ረግረጋማ ክፍል ነው። ደንበኛው ይበርደዋል፣ ወረቀቱ ይረጥባል፣ ኮምፕረሰሩም (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) በመነሳትና በመጥፋት ብዛት ዕድሜው ያጥራል። ኢንቨርተር የሚባለው ዓይነት ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ጉዳቱን ያለዝበዋል፤ መጠኑ ከልክ ካለፈ ግን እሱም አያድንም።

እዚህ ላይ አንድ የሽያጭ ዘዴ አለ። “ጅማ ከፍታ ስለሆነ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይውሰዱ” ይባላል። ነገሩ ውሸት አይደለም፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይሳሳል፤ ማራገቢያ ያንኑ መጠን አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። ነገር ግን ኤሲ ላይ የሚጻፈው አቅም የሚለካው ውጭው 35 ዲግሪ ሆኖ ነው፤ ጅማ ደግሞ እዚያ የምትደርሰው ስንት ቀን ነው? አንዱ የወሰደውን ሌላው በከፊል ይመልሰዋል። የአምራቹን የከፍታ ማረሚያ ሠንጠረዥ ይጠይቁ፤ ማሳየት ካልቻለ ለተጨማሪው ቶን አይክፈሉ።

ኤሲ ንጹሕ አየር ያስገባል ብሎ ማሰብ

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት ያንኑ የክፍል አየር እየመለሰ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ ምንም አያስገባም። ለባንክ ቅርንጫፍ፣ ለትምህርት አዳራሽ፣ ለክሊኒክ መጠበቂያ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ከቀትር በኋላ ሠራተኛው የሚያዛጋው ሁልጊዜ ከምሳ የተነሳ አይደለም። ቀዶ ሕክምና ክፍል ከሆነ ደግሞ ስፕሊቱን ጭራሽ ይርሱት፤ አሽሬ የተባለው የሙያ ማኅበር መመዘኛ በሰዓት 20 ጊዜ የአየር ልውውጥና በማጣሪያ ያለፈ አየር ይጠይቃል፣ ያም የሚገኘው ለዚሁ ከተነደፈ የደክት ሲስተም (አየርን በሰፊ ቱቦ ከሚያከፋፍል) ነው።

ጅማ ላይ ግን ንጹሕ አየር ማስገባት ገንዘብ የሚያስተርፍበትም ጊዜ አለ። የሰርግ አዳራሻችንን እናስታውስ። ማታ ውጭው 17 ዲግሪ፣ ውስጡ 25 ዲግሪ ሲሆን በሰከንድ አንድ ተኩል ሜትር ኪዩብ የውጭ አየር ቢገባ ወደ 12 ኪሎዋት ሙቀት ይዞ ይወጣል። ከ200ው እንግዳ ሙቀት ግማሹ ያለ ኮምፕረሰር በማራገቢያ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ድሬዳዋ ይህን ዕድል እንደ ጅማ አታገኝም። ስለዚህ ትልቅ ሲስተም የሚያዝ ሰው “የውጭ አየር ሲቀዘቅዝ በራሱ የሚከፈት የአየር ማስገቢያ በር አለው ወይ?” ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ውኃ የሚረጨውን ኩለር ለክረምት መግዛት

ይህ ማሽን የሚያቀዝቅዘው ውኃን ወደ እንፋሎት እየቀየረ ነው፤ ደረቅ አየር ይፈልጋል። ከኅዳር እስከ የካቲት በክፍት ወርክሾፕ ይሠራል፣ መብራትም ብዙ አይበላም። ሐምሌ ላይ ግን የጠገበ አየር ላይ ተጨማሪ እርጥበት መጨመር ነው የሚሆነው። ወረቀት፣ ጨርቅ ወይም ቡና ባለበት ቤት በበጋም አይግባ።

የሰርቨር ክፍሉን በተራ ኤሲ መተው

የሰርቨር ክፍል ቀን ከሌት፣ ክረምት ከበጋ ይሞቃል፤ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲቆይም ይመከራል። ብዙ ተራ ስፕሊቶች ግን ውጭው ከ18 ወይም ከ21 ዲግሪ ሲወርድ እንዲያቀዘቅዙ አልተሠሩም። በታኅሣሥ ሌሊት ጅማ ወደ 10 ዲግሪ ስትጠጋ የውስጡ ቱቦ በረዶ ይይዝና አየሩ መንፋት ያቆማል፤ ሰርቨሩ የሚጠፋው ከተማው በብርድ ሲንቀጠቀጥ ነው። ሲገዙ የውጭውን ዝቅተኛ ሙቀት ከማሽኑ ወረቀት ላይ ያንብቡ፤ ሁለት ማሽን አድርገውም በየተራ ያሠሩ።

ለመድኃኒት መጋዘን አንድ ቃል ብቻ፦ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ያ የማቀዝቀዣ ሥራ ነው እንጂ የኤሲ አይደለም።

መብራቱን መጨረሻ ላይ ማሰብ

ማሽኑ ከደረሰ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ “ቆጣሪው አይችለውም” የሚባለው። ከፍ ያሉት ማሽኖች ባለ ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ይጠይቃሉ፤ ቤትዎ ነጠላ ፌዝ ከሆነ አዲስ መስመር ማስገባቱ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ይህ ከግዢ በፊት ይጣራ።

ሁለተኛው ጣጣ ጄነሬተሩ ነው። ኢንቨርተር ያልሆነ ኮምፕረሰር በቀጥታ ሲነሳ ከሥራ ጊዜው ከ5 እስከ 7 እጥፍ ከረንት ይስባል። ጄነሬተሩም ራሱ ከፍታው ያደክመዋል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ በግምት 3 በመቶ ኃይል ያጣል፣ ጅማ ላይ ከ15 በመቶ በላይ መሆኑ ነው። “ጄነሬተራችን ይበቃል” ያለ ሰው ይህን ሁለት ነገር ቆጥሮ ይሁን አይሁን ይጠየቅ።

ሦስተኛው መብራት ጠፍቶ ወዲያው ሲመለስ የሚደርሰው ነው። ኮምፕረሰሩ ግፊቱ ሳይረጋጋ ከተነሳ ይጎዳል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይና ቮልቴጁ ከልክ ሲወጣ የሚቆርጥ መከላከያ ይግጠሙ። ለሦስት ፌዝ ደግሞ የፌዝ መጥፋትንና ቅደም ተከተልን የሚቆጣጠር ሪሌይ ይጨምሩበት። መስመር ተጠግኖ ሁለት ፌዝ ቦታ ቢለዋወጥ ስክሮል የሚባለው ኮምፕረሰር ወደ ኋላ ይዞራል፤ ይጮሃል፣ አያቀዘቅዝም፣ ቆይቶም ይቃጠላል። ይህችን ሪሌይ ለማትረፍ ኮምፕረሰር መቀየር ያሳዝናል፤ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የመለዋወጫ ዋጋ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም።

ጋዙን አለመጠየቅ

“በርካሽ አገኘሁ” የተባለው ማሽን አንዳንዴ አር-22 የሚጠቀም አሮጌ ሞዴል ይሆናል። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ይህ ጋዝ በታዳጊ አገሮችም እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከጥቂት የጥገና ድርሻ በቀር ከገበያ የሚወጣ ነው። አር-410ኤ ግፊቱ በጣም ስለሚበልጥ በእሱ ቦታ ሊሞላ አይችልም። አር-32 ዛሬ የተሻለው ምርጫ ይመስለኛል፤ በመጠኑ ተቀጣጣይ መሆኑን የሚያውቅ ባለሙያ ግን ይፈልጋል። “በየዓመቱ ጋዝ ይሞላል” የሚልዎትን አይስሙ። ኤሲ ጋዝ አይበላም፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል፤ ቀዳዳው ካልተገኘ የሚሞላው ሁሉ አየር ላይ የሚረጭ ገንዘብ ነው።

ጅማ የማይጠግነውን ሲስተም መምረጥ

አዲስ ሆቴል የሚሠሩ ባለሀብቶች ቪአርኤፍ ይወዳሉ፤ አንድ የውጭ ማሽን ብዙ ክፍል ያቀዘቅዛል፣ ፎቁም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ጥሩ ቴክኖሎጂ ነው። ግን ዋናው ቦርድ በጥምቀት ሰሞን ቢቃጠል ባለሙያውም ቦርዱም ከአዲስ አበባ፣ ከ350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ነው የሚመጡት፤ እስከዚያው የተዘጋው አንድ ክፍል ሳይሆን አንድ ፎቅ ነው። ለ20 ክፍል ሆቴል እኔ ብሆን ለየክፍሉ ስፕሊት፣ ለአዳራሹ ብቻ ደክት አደርጋለሁ። እንዲያውም በጅማ አየር ጣሪያው ከፍ ያለና መስኮቱ በሁለት በኩል የሚከፈት መኝታ ክፍል ማራገቢያ ይበቃዋል፤ ይህን የሚመክርዎ ሻጭ ግን አያገኙም።

በዝቅተኛው ፕሮፎርማ መወሰን

በሁለት ፕሮፎርማ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ ሳይሆን ገጠማው ላይ ነው። ቱቦው በናይትሮጅን ተፈትኗል? ጋዙ ከመለቀቁ በፊት በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ ወጥቷል? የውኃ መውረጃው ተዳፋት አለው? ሐምሌ ላይ ከዚያ ቱቦ የሚወርደውን ውኃ ያላየ ሰው ቀጥ አድርጎ ይዘረጋውና ኮርኒሱ ይበሰብሳል።

የውጭው ክፍል የሚቀመጥበት ቦታም በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በተዘጋ በረንዳ ወይም ከጄነሬተር ጭስ ፊት ከሆነ የራሱን ሙቀት መልሶ ይስባል። ቡና መፈልፈያ አጠገብ ከሆነ ገለፈቱና አቧራው ክንፎቹን ይደፍናል፤ በምርት ሰሞን በየሳምንቱ መጥረግ ሊያስፈልግ ነው፣ ስለዚህ ሰው በቀላሉ የሚደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

ክፍያውንም በወቅቱ ልክ ይከፋፍሉት። በሐምሌ የተገጠመ ኤሲ ማቀዝቀዙ ያልተፈተነ ነው፤ በጥር የተገጠመ ደግሞ ፍሳሹና እርጥበት ማውጣቱ አልታየም። የመጨረሻው ክፍያ ማሽኑ አንድ የካቲትና አንድ ሰኔ እስኪያይ ይቆይ ቢባል ጎበዝ ገጣሚ አይከፋም፤ የሚቆየው መጠንና ቀኑ ውሉ ላይ በቁጥር ይግባ።