የአንድሮይድ ዊጀት አጠቃቀምን በትክክል መቁጠር

ዊጀት (በስልኩ መነሻ ገጽ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ የመተግበሪያ ክፍል) ምን ያህል ጥቅም ላይ እንደዋለ ሲቆጠር የተለመደው ስህተት ኦንአፕዴት (onUpdate፣ ዊጀቱን ለማደስ አንድሮይድ የሚጠራው ተግባር) በተጠራ ቁጥር «ታየ» ብሎ መመዝገብ ነው። ኦንአፕዴት ግን ተጠቃሚው ስልኩን ባይነካም በተወሰነለት ጊዜ፣ ቢፈጥን በየ30 ደቂቃው፣ ይጠራል፤ የምትቆጥሩት ሰው ሳይሆን ሰዓት ነው።

ይልቅ የመጡትን የዊጀት መለያ ቁጥሮች ስልኩ ላይ ካስቀመጣችሁት ዝርዝር ጋር አስተያዩ። አዲስ መለያ ከተገኘ ብቻ «ተጨመረ» በሉ፤ ኦንዲሊትድ (onDeleted፣ ዊጀት ሲወገድ የሚጠራው ተግባር) ሲጠራ «ተወገደ» ብላችሁ ከዝርዝሩ አውጡት።

ንክኪን ለመቁጠር የዊጀቱን መለያና የአዝራሩን ስም በኢንተንቱ (intent፣ መተግበሪያውን የሚከፍተው መልእክት) ኤክስትራ (extra፣ ከመልእክቱ ጋር የሚሄድ ተጨማሪ መረጃ) ላኩ፤ መተግበሪያው ሲከፈት አንብቦ ይመዝግብ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፦ አንድሮይድ ፔንዲንግ ኢንተንቶችን (አዝራሩ ሲነካ እንዲላኩ አስቀድመው የተዘጋጁ ኢንተንቶችን) ሲያወዳድር ኤክስትራን አያይም። የጥያቄ ኮዱ (request code፣ ፔንዲንግ ኢንተንት ሲፈጠር የሚሰጠው ቁጥር) ሁሉም ላይ 0 ከሆነ አንዱ ሌላውን ይተካና የአንዱ አዝራር ንክኪ በሌላው ስም ይመዘገባል። ለእያንዳንዱ ዊጀትና አዝራር የተለየ ኮድ ስጡ።