ሆጂቻ በወተት፦ የተቆላ የጃፓን ሻይ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ሆጂቻ ማለት የተቆላ ሻይ ማለት ነው። በጃፓንኛ «ሆጂሩ» መቁላት፣ «ቻ» ደግሞ ሻይ ነው፤ ስሙ ከዚህ የራቀ ምሥጢር የለውም። ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በኪዮቶ እንደሆነ ይነገራል። ነጋዴዎች ከጥሩው ቅጠል ተለይቶ የቀራቸውን ሻካራ ቅጠልና ስንጥር የሚመስል አገዳ ከመጣል ይልቅ በከሰል እሳት ቆልተው መሸጥ ያዙ። የተራ ሰው መጠጥ ሆነ፤ አሁንም ከምግብ በኋላ ሽማግሌውም ሕፃኑም የሚጠጣው እሱን ነው። ደጃፋቸው ላይ የሚቆሉ የሻይ መደብሮች አሉ፤ ማስታወቂያ ሳያስፈልጋቸው ሽታው ደንበኛውን ከመንገድ ይጠራል። ወተት የተጨመረበት ብዙ ቆይቶ፣ በካፌዎች ነው።

ጣዕሙን ለማያውቅ ሰው ሳስረዳ ከምጣድ ገና የወረደ የገብስ ቆሎ አስቡ እላለሁ። አረንጓዴ ሻይ ላይ የሚታወቀው የሣር ጠረንና ምላስ የሚይዘው ምሬት በእሳቱ ይለዝባል። ቡናም ቆሎም ሲቆሉ የሚፈጠሩት ፓይራዚን የሚባሉ ውህዶች እዚህም ይወጣሉ፤ ሽታው ለአፍንጫችን እንግዳ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለአንድ ትልቅ ኩባያ 8 ግራም የሆጂቻ ቅጠል፣ 120 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 180 ሚሊ ሊትር ወተትና እንደ ፍላጎታችሁ ስኳር ያዙ። ሚዛን ከሌላችሁ በሾርባ ማንኪያ ሦስት ከምር ያለ ይሆናል፤ ቅጠሉ ቀላልና ሰፊ ስለሆነ ማንኪያው የሞላ መስሎ ክብደቱ ትንሽ ነው። ይህ መጠን ለአንድ ሰው የበዛ ይመስላል። አልበዛም። ሆጂቻ ለብቻው ሲጠጣ ሦስት ግራም ያህል ቅጠል በፈላ ውሃ ውስጥ ሠላሳ ሰከንድ ቢቆይ ይበቃዋል፤ ወተት ሲገባበት ግን ወተቱ ሻዩን ይውጠዋል። ብዙ ሰው በቤቱ ሞክሮ «ይኼ ሙቅ ወተት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው?» ብሎ የሚተወው ሻዩን ስላቀጠነው ነው።

ሆጂቻ በጃፓን ወይም በእስያ ሸቀጥ መደብር ይገኛል። ካጣችሁት ደግሞ ቅጠሉ ያልደቀቀ ማንኛውንም አረንጓዴ ሻይ ገዝታችሁ ራሳችሁ ቁሉት። እውነቱን ለመናገር ቆልቼ የምጠጣውን ከተገዛው አስበልጣለሁ። ጓዳ ውስጥ ተረስቶ ሽታው የደከመ አረንጓዴ ሻይ ካላችሁ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። በከረጢት የታሸገውን ግን አትሞክሩት፤ ዱቄቱ ሳይቆላ ያርራል።

ለመቁላት ንጹሕና ደረቅ መጥበሻ ያስፈልጋል። ሽንኩርት ሲቁላላበት የኖረ መጥበሻ አይሆንም፤ የሻይ ቅጠል ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይመጥጣል። የቡናው ብረት ምጣድም ቡና ቡና ያሰኘዋል። ጃፓኖች ለዚህ «ሆሮኩ» የሚሉት የሸክላ ዕቃ አላቸው፤ እጀታው ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቅጠሉ ሲደርስ ዕቃውን ዘንበል አድርገው በእጀታው በኩል ያፈሱታል። እኛ መጥበሻና ዝርግ ሳህን ይበቃናል። ሳህኑን አስቀድማችሁ አጠገባችሁ አኑሩ፤ በኋላ ለመፈለግ ጊዜ አይኖርም።

መጥበሻውን በመካከለኛ እሳት አሙቁ፣ ከዚያ ቅጠሉን ስስ አድርጋችሁ በትኑበት፤ በአንድ ጊዜ 15 ግራም ገደማ ከበቂ በላይ ነው። እጃችሁ መጥበሻውን ከመወዝወዝ አይረፍ። በመጀመሪያው ደቂቃ ምንም የሚሆን አይመስልም፤ የእርጥብ ሣር ሽታ ብቻ ይመጣል። ቀጥሎ የቅጠሉ አረንጓዴነት ይደበዝዝና ወደ ወይራማ ቀለም ይሄዳል፣ አገዳዎቹ እብጥ እብጥ ይላሉ፣ ስስ ነጭ ጭስ ይነሣል። ከዚህ በኋላ ዓይንን ሳይሆን አፍንጫን ስሙ። የሣሩ ሽታ ወደ ቆሎ ሽታ የሚዞርበት ቅጽበት አለ፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁ ምናልባት አንድ ደቂቃ ነው። ቅጠሉ የቀረፋ ቀለም ሲይዝ ሳትሳሱ ወደ ሳህኑ ገልብጡት። ከእሳት ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ መጥበሻው በያዘው ሙቀት መቁላቱን ይቀጥላል። ጠቅላላው ሥራ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

አንድ ቀን በር ተንኳኩቶ ልከፍት ሄድኩ። ሠላምታው ሳያልቅ ስመለስ ቅጠሉ የምድጃ አመድ መስሎ ጠበቀኝ፤ ልሞክረው ብዬ አፍልቼም ነበር፣ የሲጋራ መተርኮሻ ይሸታል። ያረረን ሆጂቻ ወተትም ስኳርም አያድነውም። መድፋት ነው።

አሁን ሻዩን እናፍላ። ውሃው ድስት ውስጥ ሲንተከተክ እሳቱን አጥፉና ቅጠሉን ጨምራችሁ ክደኑት፤ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ሌላ አረንጓዴ ሻይ እንዲህ ቢደረግ እሬት ይሆናል፤ ይኼኛው ግን በእሳት ስላለፈ ይችለዋል። ቅጠሉን በቀጥታ ወተት ውስጥ መቀቀል ያጓጓል፣ ነገር ግን ወተቱ ቅጠሉን ሸፍኖ ጣዕሙ በደንብ እንዳይወጣ ይይዘዋል። ቅጠሉ መጀመሪያ በውሃ ይከፈት። ከዚያ በማጥለያ ወደ ኩባያው አጥልሉት፣ በማንኪያ ጀርባም ቅጠሉን ጫን አድርጋችሁ ጭመቁት፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ከሁሉ የጠነከረችው ናት። ስኳር የምትጨምሩ ከሆነ ጊዜው አሁን ነው፣ ወተቱ ሳይገባ። ጥቁር ስኳር ካገኛችሁ ከሆጂቻ ጋር የሚስማማው እሱ ነው፤ ጃፓኖችም ከኦኪናዋ የሚመጣውን ይወዱለታል። ማር መጥፎ አይደለም፣ ብቻ የአገራችን ማር ጠረኑ ስለሚጎላ ሻዩን ሊጋፋው ይችላል።

ዱቄት ሆጂቻ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ዘልሎ አንድ የሻይ ማንኪያ (2 ግራም) ዱቄት በወንፊት ይንፋ፣ 40 ሚሊ ሊትር ያህል 80 ዲግሪ የሆነ ውሃ ያፍስበትና በትንሽ መምቻ ወዲያና ወዲህ እያለ ይምታው። ሳይነፋ የገባ ዱቄት እንደ ገንፎ ይጓጉላል። ፈጣን ነው፤ ከታች የሚዘቅጠው ግን አይስበኝም።

ወተቱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በካፌ ማኪያቶ ላይ የምናየውን ልስልስ አረፋ የሚሠራው የማሽኑ እንፋሎት ነው፤ ወተቱን እያሞቀ አየር ያስገባበታል። እቤት ሁለቱን ሥራ ለየብቻ መሥራት ይቻላል። የምትፈልጉት ሙቀት ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ ከወተቱ ላይ እንፋሎት መታየት ሲጀምር፣ ዳር ዳሩ መፍላት ሳይጀምር አውርዱት። ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ተፈጥሯዊ ጣፋጭነቱ በተቀቀለ ወተት ሽታ ይሸፈናል። ወተቱ ከከብት አርቢ የመጣ ጥሬ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ በደንብ አፍሉትና አቀዝቅዙት፣ ስልባቦቱን አንሡለት፣ ከዚያ እንደገና ወደዚህ ሙቀት አምጡት።

የሞቀውን ወተት ማጣሪያው በእጅ ወደ ታች በሚገፋው የቡና ማፍያ ውስጥ እስከ ሲሶው ጨምሩና ማጣሪያውን ሃያ ጊዜ ያህል ፈጠን ብላችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት። እሱ ከሌለ ያለቀ የማር ጠርሙስ ይበቃል፦ ቀዝቃዛ ወተት እስከ ግማሹ አድርጋችሁ ክዳኑን አጥብቁ፣ እጥፍ እስኪሆን ናጡት፣ ክዳኑን አውጥታችሁ ማይክሮዌቭ ውስጥ ለአርባ ሰከንድ አስገቡት። የሞቀ ወተት በተከደነ ጠርሙስ አትናጡ፤ እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥርና ያቃጥላል። በየትኛውም መንገድ ከሠራችሁት በኋላ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ፣ ከዚያ ዞር ዞር አድርጉት፤ ትልልቆቹ አረፋዎች ይፈርሱና ፊቱ እንደ አዲስ ቀለም ያብረቀርቃል። አረፋውን በማንኪያ ገታ አድርጋችሁ ወተቱን ሻዩ ላይ አፍስሱ፣ አረፋውን መጨረሻ ላይ አልብሱት። የተስተካከለ ከሆነ የሸክላ ቀለም ይይዛል። ነጭ ካመዘነ በሚቀጥለው ጊዜ ወተቱን ቀንሱ።

ለጾም ጊዜ የአጃ ወተት ከአኩሪ አተሩ ይሻላል ባይ ነኝ፤ የእህል ጠረኑ ከቆሎው ሽታ ጋር ዘመድ ነው። በሞቃት አገር ያላችሁ ደግሞ አረፋውን ተዉት፤ የጠነከረውን ሻይ ከስኳሩ ጋር በረዶ ላይ አፍሱና ቀዝቃዛ ወተት ድረቡበት።

ማታ ይጠጣል ወይ ለሚለው፦ በጃፓን መንግሥት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ መሠረት 100 ሚሊ ሊትር ሆጂቻ 20 ሚሊ ግራም ካፌይን ሲኖረው ቡና 60 አለው። ይሁንና ሠንጠረዡ የለካው ተራውን ሻይ ነው፤ እኛ አጠንክረን ያፈላነው ከዚያ ይበልጣል፣ ቅጠሉ እንዳለ የሚጠጣበት ዱቄቱም እንደዚሁ። ቡና እንቅልፍ የሚነሣው ሰው እስከ አመሻሹ ድረስ ብቻ ቢጠጣው ይሻለዋል።

ማጥለያው ላይ የቀረውን ቅጠል አትድፉት። የፈላ ውሃ ጨምሩበትና አንድ ደቂቃ ካቆያችሁት ያለ ወተት የሚጠጣ፣ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቶና ይወጣዋል። በረካ ግን ከእሱ አትጠብቁ።