የድሮ ሰፊ ቤት ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ትፈትሹታላችሁ?

ባለፈው ዓመት ለእህቴ ቤተሰብ አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ቪላ ስንፈልግ ከረምን። ከሳር ቤት እስከ ገርጂ፣ ከቀበና እስከ ጉለሌ ዞረናል። ግንቦት ላይ አንዱን አይተን ወደድነው። ቀለሙ አዲስ ነው። ሳሎኑ ሰፊ ነው። ግቢው ውስጥ ጥሩ ጥላ ያለው ዛፍ አለ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከባድ ዝናብ እንደወረደ ደላላውን ሳንጠራ ተመልሰን አንኳኳን። ባለቤቷ ደግ ሴት ናቸው፣ አስገቡን። ሳሎኑ መሀል ሁለት ባልዲ ተቀምጧል። በጓሮ በኩል ደግሞ ውሃው በሩ ደፍ ላይ ቆሟል።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፤ የድሮ ቤት የሚታየው በዝናብ ነው። በበጋ የምትገዙ ከሆነም ዝናቡ ጥሎት የሄደውን ምልክት ፈልጉ። ከታች የጻፍኩት እኛ የሄድንበትን ቅደም ተከተል ነው።

1. ልትኖሩበት ነው ወይስ ልታፈርሱት?

ይህን ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት። በቆየ ሰፈር ከምትከፍሉት ገንዘብ ትልቁ ለመሬቱ ነው። አፍርሳችሁ ለመሥራት ካሰባችሁ የግድግዳው ስንጥቅ አያስጨንቃችሁም። የሚያስጨንቃችሁ ክፍለ ከተማው በዚያ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚፈቅድና የመሬት አጠቃቀም ፕላኑ ምን እንደሚል ነው። ልትኖሩበት ከሆነ ግን ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

2. ወረቀቱን ከቤቱ በፊት እዩ

ቤቱን ወዳችሁ ወረቀቱን ካያችሁ ዓይናችሁ ይታለላል። ስለዚህ የካርታውን፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ኮፒ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ካርታው በማን ስም ነው? ብዙ የድሮ ቤቶች ገበያ ላይ የሚወጡት አባት ወይም እናት ሲያርፉ ነው። እንዲህ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይኑር። ሁሉም ወራሾች ይፈርሙ። አንዷ ልጅ አሜሪካ ወይም ዱባይ ካለች የላከችው ውክልና ቤቱን "መሸጥ" እንደሚፈቅድ በግልጽ የተጻፈ መሆን አለበት፤ "ጉዳዬን ይከታተልልኝ" የሚል ውክልና አይበቃም። ሻጩ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል።

የድሮ ግቢ ሌላም ታሪክ አለው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አድርጓል። ለአንድ ቤተሰብ የቀረለት አንድ መኖሪያ ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ግቢ ዋናው ቤት የግል ሆኖ ጓሮ ያለው ሰርቪስ የቀበሌ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ተከራይም ይኖርበታል። ሰርቪሱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው "ኪራይ ለማን ነው የምትከፍሉት?" ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታው ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ (ቦታን ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ከመያዝ) ሥርዓት በፊት የተያዘ ከሆነም አንድ ነገር እወቁ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ቦታው ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ሻጩ ሲከፍል የኖረው ትንሽ የቦታ ኪራይ ለእናንተ አይቀጥልም ማለት ነው። ሊዙ ስንት እንደሚሆን ከመፈራረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ አስሉ። በዚያው እግድ፣ የባንክ ዕዳ፣ ያልተከፈለ የጣሪያና ግድግዳ ግብር መኖሩን ጠይቁ። ቦታው የመንገድ፣ የወንዝ ዳርቻ ወይም የኮሪደር ልማት ፕላን ውስጥ መግባት አለመግባቱንም እዚያው ጠይቁ። "ሰው ነግሮኛል" በሚል አትመኑ።

3. ከበሩ ውጪ ቁሙ

ብዙ ሰው በሩ ሲከፈት ዘው ይላል። እናንተ መጀመሪያ ውጪ ቁሙና መንገዱንና ግቢውን በዓይን አወዳድሩ። መንገዱ ኮብል ሲነጠፍ፣ አስፋልት ሲደረብ ከፍ እያለ ሄዷል። ቤቱ ግን ከዛሬ አርባና ሃምሳ ዓመት በፊት በነበረበት ቀርቷል። ከመንገድ ወደ ግቢ ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ የክረምት ጎርፍም አብሯችሁ ይወርዳል። በሩ ሥር የተሠራ የሲሚንቶ ግርዶሽ ወይም የአሸዋ ከረጢት ካያችሁ ባለቤቱ ሳይነግራችሁ ነግሯችኋል።

የጎረቤት አጥርንም እዩ። ወደ እናንተ የተነፋ ወይም ያዘነበለ አጥር ከጀርባው የተከማቸ አፈርና ውሃ አለው።

4. ግድግዳው ምንድን ነው?

"ቪላ" የሚባል ሁሉ ብሎኬት አይደለም። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ከእንጨትና ጭቃ ተሠርተው በሲሚንቶ የተለሰኑ ናቸው። ከፊት ቆንጆ ናቸው። ከጀርባ፣ በወጥ ቤቱ በኩል፣ ልስኑ የተላቀቀበት ቦታ አይጠፋም፤ ጭዱንና ማገሩን እዚያ ታያላችሁ። የጭቃ ቤት መጥፎ ነው ብዬ አላምንም። ያደግኩበት ነው፤ በደንብ ከተያዘ ትውልድ ያሻግራል። ጠላቶቹ ግን ውሃና ምስጥ ናቸው። ስለዚህ ግድግዳውን ከታች ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ በእጃችሁ ዳብሱት። ቀለሙ ከተላጠ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ካወጣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። በጣታችሁ ቋጠሮ ስታንኳኩ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ለቋል። የበር መቃኑን ግርጌ በስክሩድራይቨር ጫፍ ጫን በሉት፤ ከሰመጠ ምስጥ ቀድሟችኋል።

ስንጥቅ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ፀጉር የመሰለ የልስን ስንጥቅ ያለበት ብዙ ቤት ስላለ አትደንግጡ። ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድና ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን ሌላ ነው። በቦሌና በገርጂ በኩል ብዙ ቦታ ላይ ያለው ጥቁር አፈር፣ መረሬ ወይም ኮትቻ የምንለው፣ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይኮማተራል። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ቤቱም አብሮ ይነሳል፤ ይወርዳል። አጠገቡ ባሕር ዛፍ ካለ አፈሩን በበጋ ይበልጥ ያደርቀዋል። ስንጥቁን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ጫፉ ላይ በእርሳስ ቀን ጻፉ። ከሳምንታት በኋላ ስትመለሱ አልፎ ሄዶ ከሆነ መሐንዲስ ሳታሳዩ ወደ ዋጋ አትግቡ።

ወለሉ ላይ ብይ አስቀምጡ። ብቻዋን ወደ አንድ ጥግ ከሮጠች ወለሉ ሰጥሟል።

5. ጣሪያ

ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ክብ ካለ ጣሪያው አፍስሷል። ኮርኒሱ አዲስ ቀለም ብቻ ከተቀባ ይበልጥ ጠርጥሩ። ከቻላችሁ ቀን ላይ መብራት አጥፍታችሁ በኮርኒሱ መግቢያ አንገታችሁን አስገቡ። የምስማር ቀዳዳዎች እንደ ኮከብ ካበሩ ቆርቆሮው አርጅቷል። ቆርቆሮ መቀየር ከባድ አይደለም። ከባዱ ከሥሩ ያለው እንጨት ከበሰበሰ ነው። አሸንዳው ውሃውን የት እንደሚጥለውም እዩ፤ ግድግዳው ሥር ከጣለው የቁጥር አራትን እርጥበት ምንጭ አገኛችሁ።

6. ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽ

ሁሉንም ቧንቧ በአንድ ጊዜ ክፈቱ። የድሮ የብረት ቱቦ ከውስጥ ዝጎ ይጠባል፤ ሁለተኛው ቧንቧ ሲከፈት የመጀመሪያው ከሞተ መስመሩ መቀየር አለበት። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከሻጩ ይልቅ ከጎረቤት ስሙ።

ለመብራቱ ምጣድ ለኩሱ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ያህል ይወስዳል። ምጣዱና የውሃ ማሞቂያው አብረው ሲሠሩ መብራቱ ከደበዘዘ ወይም ቆጣሪው አካባቢ የተቃጠለ ላስቲክ ከሸተተ ሽቦው ለዛሬ ኑሮ አልተዘረጋም። እስካሁን በቫልቮላ (በድሮው ፊውዝ) የሚሠራ ቤት ካጋጠማችሁ ሙሉ የሽቦ ሥራ በሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያፍርበትን ጥያቄ ጠይቁ፤ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው? መክደኛው ይታያል? የፍሳሽ መኪና በበሩ ይገባል? ከዚህ ቤት በፊት የነበረው ጉድጓድስ የት ነበር? በድሮ ግቢ የሞላ ጉድጓድ አፈር ተደፍቶበት፣ ዓመት ቆይቶ ሰርቪስ ክፍል የሚሠራበት ጊዜ አለ። አንዱ ክፍል ብቻውን ወለሉ ከሰመጠ ይህን አስቡ።

7. ሜትር ያዙ

ግቢውን ራሳችሁ ለኩ። ካርታው ላይ 400 ካሬ ተጽፎ አጥሩ ውስጥ 450 ካለ፣ ሃምሳው የእናንተ አይደለም፤ ዋጋም አትክፈሉበት። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍልም እንዲሁ።

8. ሰፈሩን ስሙ

ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ። ቅዳሜ ማታም ሂዱ። ሱቁ ጋ ለስላሳ ገዝታችሁ ቁሙ፤ ጥግ ላይ የሚቀመጠውን ሊስትሮ ጫማ እያስጠረጋችሁ አውሩት። ጎርፍ፣ ሌባ፣ የማታ ጩኸት፣ ከጎን ሊሠራ ያለ ፎቅ፣ ሁሉን ያውቃል። የዕድሩን ዳኛ ካገኛችሁ ደግሞ በግቢው ላይ የወንድማማች ጠብ እንዳለ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቀድማችሁ ትሰማላችሁ። እኛ ሁለተኛውን ቤት የተውነው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ሽማግሌ "ልጆቹ ገና አልተስማሙም" አሉን፤ በቂ ነበር።

9. ዋጋና ቀብድ

ዋጋውን በሁለት ከፍላችሁ አስቡ። በዚያው ሰፈር በቅርቡ ቦታ በካሬ ስንት እንደተሸጠ አጣሩ፤ የተጠራውን ዋጋ ሳይሆን የተከፈለውን። ከዚያ ቤቱ የሚጨምረውን ደምሩ፤ ጣሪያውን፣ ሽቦውን፣ ቱቦውን ለማደስ ግንበኛ የነገራችሁን ቀንሱ። የጥገናውን ዝርዝር በወረቀት ይዛችሁ ተደራደሩ፤ ሻጩም በቁጥር ሲያየው ይረዳል። የስም ማዛወሪያውንና የቴምብሩን ወጪ ማን እንደሚሸፍን እዚያው ተነጋገሩ።

ቀብድ ሕጋዊ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠ ገዢ ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ክፍለ ከተማው ስለ ዕዳና እግድ መልስ ሳይሰጣችሁ ደላላ "ሌላ ሰው ይዞባችኋል" ስላለ ብቻ ገንዘብ እንዳትሰጡ። ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ።

ቁልፍ የምትረከቡ ቀን የውሃና የመብራት ቆጣሪውን ንባብ በስልክ አንሱ፤ ሻጩም እዚያው ይፈርምበት። እህቴ አሁን የምትኖርበትን ቤት የተረከብነው ነሐሴ ላይ፣ እየዘነበ ነው። ኮርኒሱን አየን። ደረቅ ነበር።