ቤት የሠራችሁት የኢሲጂ ሲሙሌተር ሞኒተሩ ላይ ሲያስቸግር

የሕመምተኛ ሞኒተር (ኢሲጂን፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ ሲግናል፣ በስክሪን የሚያሳየውን መሣሪያ) ጠግናችሁ "ሠርቷል" ከማለታችሁ በፊት የልብ ምት የሚመስል ሲግናል ልታስገቡበት ይገባል። ይህን ሲግናል የሚሰጠው የፋብሪካ ሲሙሌተር ውድ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን አርዱይኖ ናኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ)፣ አንድ ኦፕ-አምፕ (የማጉያ ቺፕ) እና ጥቂት ሬዚስተር ይዘን እንቀመጣለን። ሰርኪዩቱ ቀላል ነው፣ ግን 1 ሚሊቮልት ላይ ስትደርሱ ትንሿ ስህተት ሁሉ ስክሪን ላይ ትወጣለች።

የኔ አሠራር ይህ ነው። ከፒን 9 የሚወጣው ፒደብልዩኤም (በፍጥነት የሚበራና የሚጠፋ፣ አማካዩ ቮልቴጁን የሚወስን ሲግናል) በ10 ኪሎ ኦምና በ100 ናኖፋራድ ፊልተር ያልፍና ወደ ኦፕ-አምፕ ፎሎወር (ቮልቴጁን ሳይለውጥ የሚያሳልፍ አያያዝ) ይገባል። ከዚያ 100 ኪሎ ኦምና 100 ኦም ዲቫይደር (ቮልቴጁን የሚያሳንሱ ሁለት ሬዚስተሮች) አለ፤ 1 ቮልት ገብቶ 1 ሚሊቮልት ይወጣል። የ100 ኦሙ ላይኛው ጫፍ ለግራ እጅና ለግራ እግር፣ ግራውንዱ ለቀኝ እጅና ለቀኝ እግር። ኮዱ ውስጥ ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ነው (255 ማለት 5 ቮልት)፤ የመነሻ መስመሩ 51 ነው (1 ቮልት)፣ የአር (የምቱ ረጅሙ ሹል ሞገድ) ጫፍ ደግሞ 102 (2 ቮልት)። ይሄ ሞኒተር መሞከሪያ ብቻ ነው፤ ሰው የተያያዘበት ሞኒተር ላይ በፍጹም እንዳትሰኩት።

ማንኛውም ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ ኮዱን አንድ ቁጥር ላይ አቁሙትና ከዲቫይደሩ በፊት በመልቲሜትር ለኩ። 1 ሚሊቮልት ለማየት ጥሩ ኦሲሎስኮፕ ያስፈልጋል፣ 1 ቮልትን ግን የመርካቶ መልቲሜትርም ያነበዋል። እዚያ ላይ ልክ ከሆነ ጥፋቱ ከዲቫይደሩ ወዲያ ነው።

አር 10 ሚሊሜትር አይሞላም፣ 9 ላይ ይቆማል

ጌይኑ (የሞኒተሩ የማጉላት መጠን) 10 ሚሊሜትር በሚሊቮልት መሆኑን አይታችኋል እንበል። ኦፕ-አምፑን "ምን ያደርጋል" ብላችሁ ትታችሁት ከሆነ መልሱ እሱ ነው። የፊልተሩ 10 ኪሎ ኦም ከዲቫይደሩ 100 ኪሎ ኦም ጋር ይደመርና 0.908 ሚሊቮልት ብቻ ይወጣል። ፎሎወሩን መልሱት። ፎሎወሩ ካለ ደግሞ 5 ቮልቱን ለኩ፤ ፒደብልዩኤም ቁመቱን የሚወስደው ከሱ ስለሆነ የዩኤስቢው ቮልቴጅ በ5 ፐርሰንት ከወረደ ሲግናሉም በ5 ፐርሰንት ይወርዳል። 9 ቮልት ባትሪ በቪን በኩል ስጡት፣ ቦርዱ ላይ ያለው ሬጉሌተር ያስተካክለዋል። ባትሪው 7 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ቀይሩት። ሬዚስተሮቹም ባለ 1 ፐርሰንት ይሁኑ።

በደቂቃ 60 ምት አድርጌው 46 ያነባል

ይቺ ሦስት ምሽት ወስዳብኛለች። ኮዱ ውስጥ አንድ ምት የሚሠራው ሠንጠረዥ 250 ነጥብ አለው፣ በየ4 ሚሊሰከንዱ አንድ ነጥብ ይወጣል፣ ሲባዛ ልክ 1 ሰከንድ። ሂሳቡ አይሳሳትም፣ ሞኒተሩ ግን 46 ይላል። ክሪስታሉን ጠረጠርኩ፣ ቦርድ ቀየርኩ፣ ሞኒተሩንም ሰደብኩት። ለካስ ለማየት ብዬ ያስገባኋት የሲሪያል ፕሪንት መስመር ናት። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል 1.04 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በየነጥቡ የምትጽፈው የመስመር መዝጊያውን ጨምሮ 5 ፊደል ስለሆነ 5.2 ሚሊሰከንድ ይሆናል፣ ባፈሩ (የሚላከው ጽሑፍ ተራ የሚጠብቅበት ቦታ) ከሞላ በኋላ ኮዱ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። 250 ሲባዛ በ5.2፣ 1.3 ሰከንድ። 60 ሲካፈል ለ1.3፣ ያው 46።

ፕሪንቷን አጥፉ። ከዚያም ዲሌይን (ኮዱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያቆመውን ትዕዛዝ) ተዉትና በታይመር ኢንተራፕት (ቺፑ በየተወሰነ ጊዜ ራሱ በሚያስነሳው ሥራ) ሥሩ፣ ምክንያቱም ዲሌይ የራሱን ጊዜ እንጂ የቀረው ኮድ የሚፈጀውን አይቆጥርም። 60 ሲሆን በ25 ሚሊሜትር በሰከንድ ወረቀት ላይ ከአር እስከ አር 25 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ማስመሪያ ይበቃል።

በተቃራኒው 120 ካነበበ የቲ ሞገዱን (ከአር ቀጥሎ የሚመጣውን) ዝቅ አድርጉት፤ ረዝሞ ሞኒተሩ እንደ ሌላ ምት እየቆጠረው ነው።

መስመሩ ወፍሮ ይንቀጠቀጣል

ሁለት የተለያየ በሽታ ነው። የሞኒተሩን የ50 ሄርዝ ፊልተር አብሩት። ከጠፋ ከመብራት የሚመጣ ነው፦ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ሥሩ፣ የቀኝ እግሩ ገመድ በደንብ መያያዙን እዩ፣ ገመዶቹን አሳጥሩ። ካልጠፋ፣ በተለይ ዲያግኖስቲክ ሞድ (ሞኒተሩ ከሲግናሉ ትንሽ ብቻ የሚቆርጥበት) ላይ ከባሰ፣ ፒደብልዩኤሙ ራሱ ነው። ፒን 9 ሲነሳ 490 ሄርዝ ላይ ይሠራል፣ የኛ ፊልተር ደግሞ 159 ሄርዝ ስለሆነ አንድ ሦስተኛው ገደማ ያልፋል። ፒን 9ን የሚነዳውን የታይመር 1ን ፕሪስኬለር (የቺፑን ሰዓት የሚያካፍለውን ቁጥር) 1 አድርጉት፣ ወደ 31 ኪሎ ሄርዝ ይወጣል፣ ችግሩም አብሮ ይሄዳል። ታይመር 0ን ግን አትንኩ፤ ዲሌይ የሚቆጥረው በሱ ስለሆነ 64 እጥፍ ይፈጥንና የልብ ምቱ የስፌት መኪና ይሆናል።

አር አጥሮ ሰፍቷል፣ ወይም ጫፉ ተቆርጧል

ካጠረና ከሰፋ ካፓሲተሩን አንብቡ። 104 የሚለው 100 ናኖፋራድ ነው፣ 105 ግን 1 ማይክሮፋራድ፤ እሱ ፊልተሩን 16 ሄርዝ ላይ ያወርደዋል። ጫፉ በቢላ እንደተቆረጠ ከሆነ ኦፕ-አምፓችሁ ኤልኤም 358 ነው፤ 255ቱን ሁሉ ልጠቀም ብላችሁ ከፍ ስታደርጉት በ5 ቮልት ሲሠራ ከ3.5 ቮልት ብዙም አያልፍም። ቁጥሩን ዝቅ አድርጉ ወይም ኤምሲፒ 6002 አስገቡ።

ሊድ ኦፍ (ገመድ አልተያያዘም) ይላል፣ ወይም ተገልብጧል

የዲሲ ቅሪቱን (ሁልጊዜ ያለውን የመነሻ መስመር ቮልቴጅ) ልከልክል ብላችሁ መውጫው ላይ ካፓሲተር በተከታታይ አስገብታችሁ ይሆናል። አውጡት። ሞኒተሩ ገመዱ መያያዙን የሚያውቀው ትንሽ ከረንት ልኮ ነው፣ ካፓሲተሩ ይዘጋበታል። የኛ ቅሪት 1 ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነ አያስጨንቅም።

ካፓሲተር ከሌለ ቀለሙን ጠርጥሩ። እኛ ጋ ያሉት መሣሪያዎች ከየአገሩ የመጡ ናቸው። በአውሮፓው ኬብል ቀኝ እጅ ቀይ፣ ግራ እጅ ቢጫ፣ ግራ እግር አረንጓዴ፣ ቀኝ እግር ጥቁር ነው። በአሜሪካው ቀኝ እጅ ነጭ፣ ግራ እጅ ጥቁር፣ ግራ እግር ቀይ፣ ቀኝ እግር አረንጓዴ። ቀይ፣ ጥቁርና አረንጓዴ ሁለቱም ላይ አሉ፣ ቦታቸው ግን ሌላ ነው! ሳጥናችሁ ላይ ቀለም አትቀቡ፣ "ቀኝ እጅ" ብላችሁ ጻፉበት። ሊድ 1 (ከግራ እጅ ላይ ቀኝ እጅ ሲቀነስ) ተገልብጦ ሊድ 2 (ከግራ እግር ላይ ቀኝ እጅ ሲቀነስ) ጠፍጣፋ ከሆነ ሁለቱን እጆች አቀያይራችኋል።

ሊድ 3 ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ ምንም አትንኩ። ሊድ 3 ከሊድ 2 ላይ ሊድ 1 ሲቀነስ ነው፣ በዚህ አያያዝ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ዜሮ ይወጣል።

ካሬ ሞገድ አስገብቼ ላዩ ተንሸራተተ

ከዲቫይደሩ በፊት ለኩት፣ ቀጥ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሞኒተር ሞድ ከ0.5 ሄርዝ በታች ያለውን ስለሚቆርጥ በ0.3 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ቁመቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ዲያግኖስቲክ ላይ አድርጉትና እንደገና እዩት።