ሁለቱም ሰርቨር «ዋናው እኔ ነኝ» ሲሉ

ለገጣፎ ያለው ቢሯችን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የጋራ ፎልደሩ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ተጠባባቂው በኪፕአላይቭድ (አንዱ ሲወድቅ ሌላው የጋራ አይፒ አድራሻውን እንዲረከብ የሚያደርግ ፕሮግራም) ይተካዋል፤ ችግሩ ዋናው ሲመለስ ነው። ኬብል ቀየርኩ፣ ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ፣ ኪፕአላይቭድን እንደ አዲስ ጫንኩ። ሦስት ቀን በከንቱ!

በመጨረሻ «አይፒ አድር» በሚለው ትእዛዝ የሰርቨሮቹን አድራሻ ሳይ፣ በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ ሊይዘው የሚገባው የጋራ አይፒ 192.168.10.5 ሁለቱም ላይ ተቀምጧል። ለካ የሁለቱም ፋየርዎል ቪአርአርፒን (ዋናው «አለሁ» እያለ ለተጠባባቂው የሚናገርበትን ፕሮቶኮል) ዘግቶ አንዱ ሌላውን አይሰማም። ቪአርአርፒ ፖርት እንዳላቸው እንደ ቲሲፒና ዩዲፒ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል ቁጥር 112 ነው፣ ወደ ቡድን አድራሻው 224.0.0.18 ይላካል። (ፖርት ስከፍት መዋሌ ምንም ያልፈየደው ለዚህ ነው።) መጀመሪያ ስንተክለው ፈቅደንለት ነበር፣ ግን «ፐርማነንት» (ቋሚ) ሳንል፤ ማሽኑ ሲነሳ ፈቃዱ ይጠፋል።

በሁለቱም ላይ በፋየርዎልዲ (ፋየርዎሉን በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) በቋሚነት ፈቅጄ ሪሎድ አደረግኩ። ተጠባባቂው ወዲያው አይፒውን ለቀቀ። የዋናውን ኬብል ነቅዬ ሞከርኩ፤ በአራት ሰከንድ ገደማ ተተካ።